ልጄ 17 ዓመቱ ነው፣ አጠገቡ ተቀምጬ ላስነዳው?

የሐዋሳ አንባቢያችን ጥያቄ ባጭሩ፦ «ልጄ 18 ሊሞላው ሰባት ወር ቀርቶታል። እሁድ ጠዋት ሐይቅ ዳር ቪትሷን አስነዳዋለሁ፣ እኔ ጎኑ ነኝ። ኒው ጀርሲ ያለችው እህቴ ልጇን እንዲህ ነው ያስለመደችው። ችግር አለው?»

አለው ጋሼ። እህትዎ የምታደርገው እዚያ ሕጋዊ ነው፤ የኒው ጀርሲ ሕግ ለልጁ የለማጅ ፈቃድ ሰጥቶት፣ ሌሊት እንዳይነዳ፣ ጓደኛ እንዳያጭቅ ከልክሎት፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ታርጋው ላይ ቀይ ምልክት አስለጥፎበት ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መንገድ የለም። በአዋጅ 1074/2010 ለአውቶሞቢል ትንሹ ዕድሜ 18 ነው፣ ልምምዱም በማሰልጠኛ ተቋም፣ «ለማጅ» በተጻፈባት መኪና ነው። አባት ጎን መቀመጡ ፈቃድ አይሆንም።

እንዲያውም ያብስብዎታል። እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ያለ ይመስላል እንጂ ከየቅያሱ ባጃጅና ሳይክል ብቅ ይላል፣ እግርዎ ስር ደግሞ ፍሬን የለም። አንድ ሰው ቢገጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ጊዜ ይያዛሉ፦ በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ስለሆኑ፣ በ2124 ደግሞ የልጁ አባት ስለሆኑ። «ሳላውቅ ቁልፉን አንስቶ ነው» ማለትም ብዙ አያዋጣም። 2081 ባለቤቱን ነፃ የሚያወጣው መኪናው መሰረቁን ሲያስረዳ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የተቀመጠ ቁልፍ አንስቶ የሄደን ልጅ ሌባ ነው ብለው ቢያሳምኑ እንኳ 2124 አይለቅዎትም። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ካሉ ውሉን አውጥተው ያንብቡት፤ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ ለደረሰ ጉዳት አንከፍልም የሚል አንቀጽ የተለመደ ነው።

ልጁስ? ገና ልጅ ነው ተብሎ አይታለፍም። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት የሚከሰሰው በመደበኛው የወንጀል ሕግ ነው፣ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም። ሰው ከሞተ በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚቀጣው አንቀጽ 543 ይመጣል። ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ነው ከተባለ፣ ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት ደግሞ ለዚህ የሚመች ነው፣ ንዑስ አንቀጽ 3 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። ዓቃቤ ሕግ ቁልፉን የሰጠው ማነው ብሎ ወደ እርስዎም ሊዞር ይችላል።

እስከዚያ እሁድ ጠዋት እርስዎ ይንዱ፣ እሱ ጎን ይቀመጥ። ምልክቶቹን ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ባጃጁ ከየት ሊገባ እንደሚችል እየገመተ ይሂድ። 18 የሞላው ዕለት ማሰልጠኛ ያስመዝግቡት።