«ይበሰብሳል» የተባለው ፌስታል ለምን አልበሰበሰም?

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ በቆፈርነው ጉድጓድ የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ እናጠራቅማለን። ይዘን የምንጥልበት ፌስታል «በተፈጥሮ የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ አለው። ከአምስት ወር በኋላ ስንከፍተው ልጣጩ አፈር ሆኗል፤ ፌስታሉ ግን ሳሳ እንጂ እንዳለ ነው። ተታለናል ወይስ ያጠፋነው ነገር አለ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ፌስታሉ ከምን እንደተሠራ ይለዩ። የጥፍር ያህል ቆርጠው አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በገባበት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። የተጣበቀ የአየር አረፋ እንዳያሳስትዎ በጣትዎ አሸት አድርገው ወደ ታች ይድፈቁት። ተመልሶ ከተንሳፈፈ ከውሃ የሚቀለው ፖሊኤቲሊን፣ ማለትም ተራው ፌስታል ነው ማለት ይቻላል። ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር የሚሠራው ፒኤልኤ የተባለ ፕላስቲክ፣ ፒባት የሚባለው ሌላ የሚበሰብስ ለስላሳ ፕላስቲክና ከስታርች ጋር የተደባለቁት ግን ይሰምጣሉ። መስመጥ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በብዛት የገባበት ፖሊኤቲሊንም ይሰምጣል።

የሚንሳፈፍና «ይበሰብሳል» የሚል ፌስታል ብዙውን ጊዜ የኮባልት፣ የማንጋኒዝ ወይም የብረት ጨው የተጨመረበት ነው። ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ይፈረካከሳል፤ ፍርክስካሹ ግን ያው ፕላስቲክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ እንዳይቀርብ ያገደው በዚሁ ምክንያት ነው። ሳይበጣጠስ አሁኑኑ ያውጡት፤ ከተበጣጠሰ በኋላ ከአፈሩ መልቀም አይቻልም።

የሰመጠ ከሆነ ችግሩ ምናልባት ጉድጓዱ ነው። ረቂቅ ተሕዋስያን ፒኤልኤ የተሠራበትን ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት እንዳለ መብላት አይችሉም። ቀድሞ ውሃ ገብቶ ሰንሰለቱን መቆራረጥ አለበት፤ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ ደግሞ ፕላስቲኩ ግትር ስለሚሆን ይህ ሥራ እጅግ ይንቀረፈፋል። ኢኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ መመዘኛ 12 ሳምንት በሞቀ ብስባሽ ከቆየ በኋላ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ የሚቀረው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ የሚመለከተውም በ58 ዲግሪ አካባቢ የሚሠሩ ትልልቅ የብስባሽ ማምረቻዎችን ነው። የእርስዎ ጉድጓድ ቀዝቃዛ ነው፤ አየርም ያጥረዋል። ፌስታሉ የሳሳው ስታርቹ ቀድሞ ተበልቶ ፒባቱ ስለቀረ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ክምሩን ከጉድጓድ ወደ መሬት ላይ ያውጡት። ቁመቱም ስፋቱም ከ1 ሜትር ካነሰ ሙቀት አይይዝም። ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል፣ በየመሃሉም ትኩስ እበት ያድርጉ። ጨምቀው ሲይዙት ጠብታ ብቻ ከወጣው እርጥበቱ በቂ ነው፤ ከፈሰሰ ገለባ ይጨምሩ። በየሳምንቱ ሲያገላብጡ የውጪውን ወደ መሃል ያስገቡ። ሙቀቱን ለማወቅ ብረት መሃሉ ድረስ ሰክተው ከ10 ደቂቃ በኋላ ይንኩት፤ በእጅ ለመያዝ ካስቸገረ ደህና ነው።

ፌስታሉን ቋጥረው አይጣሉት፤ ውስጡ አየር አጥቶ ይሸታል። ቆሻሻውን ዘርግፈው ፌስታሉን በመዳፍ መጠን ቆራርጠው ይበትኑት፤ ተነባብሮ ከተቀመጠ ውሃና አየር ይከለክላል። ሲገዙም ለቤት ውስጥ ብስባሽ የተፈተነ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይፈልጉ። ቲዩቪ ኦስትሪያ የተባለው የምርት መርማሪ ድርጅት የሚሰጠው የቤት ብስባሽ ምልክት ለምሳሌ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት የተፈተነ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የፒኤልኤ ብርጭቆዎችስ?

መልስ፦ የቤት ክምር ውስጥ አይጨምሯቸው። ከፌስታል ይወፍራሉ፤ የቤት ክምር ደግሞ ፒኤልኤ የሚፈልገውን ሙቀት የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው።

ጥያቄ፦ በደረሰ ብስባሽ ውስጥ የቀረ የሚበሰብስ ፌስታል ቁራጭ ጎመን መደብ ላይ ቢገባ ይጎዳል?

መልስ፦ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ሙቀት ስለማያገኝ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ስለዚህ አያስገቡት። ብስባሹን በወንፊት ነፍተው የቀረውን ቁራጭ አዲስ ክምር መሃል ይክተቱት። በሁለተኛው ዙርም ካልጠፋ ለቅመው ከሌላው ደረቅ ቆሻሻ ጋር ያስወግዱት።