ጥያቄና መልስ፦ ሥልጣን ከእግዚአብሔር ከሆነ የሰው መብት ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጆን ሎክ የተባለው የእንግሊዝ ፈላስፋ ሰው በተፈጥሮው የሕይወት፣ የነፃነትና የንብረት መብት አለው፤ መንግሥት የሚቆመው በሕዝብ ፈቃድ ነው፤ መብት ከረገጠም ሊለወጥ ይችላል እንደሚል ተማርን። በግቢ ጉባኤያችን አንድ ታላቅ ወንድም ግን «ይህ ለሥልጣን መገዛትን የሚያዘውን ሮሜ 13ን የሚቃወም የከሐድያን ትምህርት ነው» አለኝ። እናቴም ሰፈራችን ሊፈርስ ስለሆነ ጎረቤቶቻችን ባዘጋጁት የካሳ አቤቱታ ላይ «መንግሥት አይከሰስም» ብላ አልፈርምም አለች። እኔ የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱም የተናገሩት እግዚአብሔርን ከመፍራት ነውና አክብሪያቸው። ነገር ግን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው በተረት ነው፤ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ብዙ ምእመናን ሮሜ 13ን የሚያነቡት ይህን ተረት በልባቸው ይዘው ስለሆነ ሐዋርያው ጳውሎስ ያላለውን ይሰማሉ። «ከእግዚአብሔር ካልተገኘ በቀር ሥልጣን የለም» የሚለውን «ባለሥልጣን ያደረገው ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለው ይተረጉሙታል። ይህ ከባድ ስሕተት ነው፤ ግፉን ሁሉ ለእግዚአብሔር ያሸክማልና።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህችን ምዕራፍ ሲተረጉም «እንግዲህ ገዥ ሁሉ በእግዚአብሔር የተሾመ ነውን?» ብሎ ራሱ ይጠይቅና «እንዲህ አላልሁም» ይላል። የሚናገረው ስለ እያንዳንዱ ገዥ ሳይሆን ስለ ሥልጣን ስለ ራሱ ነው። ሰዎች እንደ ባሕር ማዕበል ወዲያና ወዲህ እንዳይናወጡ ገዥና ተገዥ መኖሩ የእግዚአብሔር ጥበብ ነው። ምሳሌውም ጋብቻ ነው፤ እግዚአብሔር ጋብቻን ሠራ ሲባል ወንድና ሴት የተገናኙበትን ሁሉ እርሱ አጋባ ማለት አይደለም። ደግሞም ቁጥር 4 ላይ ሐዋርያው የገዥውን ሥራ ይነግረናል፦ «ለመልካም ነገር ለአንተ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነውና»። አገልጋይ የተላከበት ሥራ አለው፤ በተላከበትም ይጠየቃል።

የሕዝብ ፈቃድ የሚለውም ለመጽሐፍ እንግዳ አይደለም። ዳዊት ገና ብላቴና ሳለ በሳሙኤል እጅ ተቀብቷል (1ኛ ሳሙ. 16)። ሆኖም በእስራኤል ሁሉ ላይ የነገሠው ሽማግሌዎቹ ወደ ኬብሮን መጥተው፣ እርሱም በእግዚአብሔር ፊት ቃል ኪዳን አድርጎላቸው፣ እነርሱም ከቀቡት በኋላ ነው (2ኛ ሳሙ. 5፥3)። የእግዚአብሔር ምርጫና የሕዝቡ ቃል ኪዳን አልተጣሉም።

አሁን ወደ ሎክ እንምጣ። ወንድምሽ የከሐድያን ትምህርት ያለው መጽሐፉን ሳያየው ይመስለኛል። ሎክ ስለ መንግሥት የጻፋቸውን ሁለት ድርሳናት በ1689 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስሙን ሳይገልጽ አሳተመ። የመጀመሪያው ድርሳን ሮበርት ፊልመር ለተባለ ጸሐፊ የተሰጠ መልስ ነው። ፊልመር ከሞተ በኋላ በ1680 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ነገሥታት አዳም በልጆቹ ላይ የነበረውን የአባትነት ሥልጣን ወርሰዋልና ከልካይ የላቸውም ይል ነበር። ሎክ የሚመልስለት ዘፍጥረትን እየጠቀሰ ነው። «ግዟት» የተባለው ለአዳም ብቻ ሳይሆን ለሔዋንም ነው፤ የተሰጠውም በእንስሳት ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም፤ አምስተኛው ትእዛዝም አባትን ብቻ ሳይሆን እናትንም አክብር ይላል። ክርክሩ የተነሣው በመጽሐፍ ትርጓሜ ላይ ነበር። ሎክ ግን የሃይማኖት አባታችን አይደለም፤ ምሥጢረ ሥላሴንና ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያንን ከእርሱ አንማርም። በመንግሥት ነገር የተናገረውን መዝነን እንወስዳለን።

ሁለተኛውን ድርሳን ስታነቢ ምዕራፍ 2፣ አንቀጽ 6ን ቀስ ብለሽ እዪው። ማንም ሌላውን በሕይወቱ፣ በጤናው፣ በነፃነቱና በንብረቱ አይጎዳ ይላል፤ ለምን ቢባል ሰዎች ሁሉ የአንድ ሁሉን ቻይ ፈጣሪ ሥራና ገንዘብ ስለሆኑ ነው። እዚያው ላይ ሰው ነፃ ቢሆንም ራሱን ለማጥፋት ነፃ አይደለም ይላል። በአንቀጽ 23ም ሰው በራሱ ሕይወት ላይ ሥልጣን ስለሌለው ራሱን ለባርነት አሳልፎ መስጠት አይችልም ይላል። መብቱ የማይሸጠው ባለቤቱ ፈጣሪ ስለሆነ ነው። ብዙ ወጣቶች ግን አንቀጽ 27 ላይ «ሰው ሁሉ በገዛ ራሱ ላይ ባለቤትነት አለው» የሚለውን ብቻ ይዘው «ሰውነቴ የራሴ፣ ሕይወቴ የራሴ፣ ማን ምን አገባው» ይላሉ። እዚያ ሎክ የሚናገረው ሰው በላቡ ያፈራውን ሌላው እንዳይነጥቀው ነው፤ አንቀጽ 6ን የሻረ የለም። ስለዚህ «መብቴ ነው» ማለት ለዳኛ መልስ ሊሆን ይችላል፤ በንስሐ አባትሽ ፊት ግን መልስ አይሆንም። ጳውሎስ ከቆሮንቶስ ሰዎች ቀለብ የመቀበል መብት ነበረው፤ ለወንጌል ሲል ተወው (1ኛ ቆሮ. 9)።

በሎክ ትምህርት ንብረትም ቢሆን ወሰን አለው። ለሌሎች በቂና መልካም የሆነ መቅረት አለበት፤ ሰብስቦ ማበስበስ አይፈቀድም። በመጀመሪያው ድርሳን አንቀጽ 42 ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ችግረኛ ከባለጸጋው ትርፍ ከችግሩ የሚያወጣው ያህል መብት አለው ይላል። ቅዱስ ባስልዮስ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ያስቀመጥከው እንጀራ የተራበው ነው ብሎ ነበር። ይህ የሎክ አንቀጽ በትምህርት ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ አንቺ አትዝለዪው።

ነፃነት ከተፈጥሮ ነው የሚለውም ከእንግሊዝ የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። የቤተ ክርስቲያንና የነገሥታት የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥታችን በአንቀጽ 31 ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነፃነትን እንደሚካፈሉ፣ አንዱን ለሌላው ባሪያ ያደረገው ጦርነት እንደሆነ ይናገራል። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን ስለ ባርያ ሕግ ይደነግጋል፤ በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሎክም ባሪያ በሚነግድ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ነበረው። በ1776 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረው ከፈጣሪያቸው የማይገፈፍ መብት ተሰጥቷቸዋል ብሎ የጻፈው ቶማስ ጀፈርሰን ባሪያ አሳዳሪ ነበር። በፈረንሳይ በ1789 እ.ኤ.አ. የወጣው የሰውና የዜጋ መብቶች መግለጫ በ10ኛው አንቀጹ ማንም ስለ ሃይማኖቱ አይነካ አለ፤ ከአምስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፣ ካህናት ተገደሉ። ይህን የምነግርሽ ትምህርቱ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። በሕዝብ ስም የቆመ መንግሥትም እንደ ንጉሥ ሊበድል ስለሚችል ገደብና ዳኛ ያስፈልገዋል። ሎክ ራሱ ሕዝብ በትንሽ በትልቁ ይነሣ አላለም፤ ረጅም የግፍ ሰንሰለት ሲታይ ይላል። እኛ ግን ጎራዴ ያነሣውን ጴጥሮስን ጌታ «ሰይፍህን ወደ ስፍራው መልስ» እንዳለው አንረሳም።

ስለ እናትሽ አጥብቄ እናገራለሁ። ሮሜ 13ን የጻፈው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከተገረፈ በኋላ በስውር ሂድ ሲሉት «ራሳቸው መጥተው ያውጡን» አለ (የሐዋ. 16፥37)። በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ ነኝ ብሎ መብቱን አስታወሰ (22፥25)። በቂሳርያ በሮማዊው ገዥ በፊስጦስ ፊት ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ (25፥11)። አልሰደበም፣ አላመፀም፤ ሕጉ የሰጠውን ጠየቀ። አቤቱታ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ሐዋርያው ሦስት ጊዜ ባላደረገው ነበር። ንጉሡ አክዓብም ናቡቴ ከተገደለ በኋላ ወይኑን ሲወስድ እግዚአብሔር ኤልያስን የላከው ሕዝቡን ዝም በሉ ለማለት ሳይሆን ንጉሡን ለመውቀስ ነው (1ኛ ነገ. 21)።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 10 ሰብዓዊ መብት ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው ይላል። በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ነገር ግን የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፈላል ይላል። እንግዲህ አቤቱታው መሬቱን ሳይሆን ቤቱን፣ አጥሩን፣ ዛፉን እየቆጠረ ይጻፍ። ውሳኔው የተጻፈበት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይጠቀስ፤ የሚጠየቀው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ግልጽ ይሁን፤ የባለሥልጣን ስም እየጠራ የሚሳደብ ቃል ካለ ይውጣ። ግልባጩን አስቀሩና የተቀበለው ቢሮ ማኅተም ያድርግበት። እናትሽን አታስገድጃት፤ እነዚህን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፎች አንብቢላትና በፈቃዷ ትፈርም። እስከዚያው ግን የቤቱን ካርታ፣ የግብር ደረሰኙንና ፎቶግራፉን ሰብስቢ፤ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ስፋቱን ማስለካት አትችሉም።