ጥያቄና መልስ፦ የመብራት መስመር ፈቃድ ለምን ይጓተታል?

ስለ ኃይል ፕሮጀክቶችና ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ (ሥራው ተፈጥሮንና ሰውን እንዴት እንደሚነካ ከመፈቀዱ በፊት የሚደረግ ጥናት) ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አራቱን ዛሬ እመልሳለሁ። ሦስቱ ስለ አሜሪካ፣ አንዱ ስለ ኢትዮጵያ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ መስመር ለመዘርጋት አሥራ ምናምን ዓመት ይፈጃል የሚባለው እውነት ነው? (ከፊኒክስ)

እውነት ነው፤ ምሳሌውም እዚያው እናንተ ጋ አለ። ሰንዚያ የሚባለው መስመር ከኒው ሜክሲኮ የነፋስ ኃይል ወደ አሪዞና የሚያመጣ ነው። ርዝመቱ 550 ማይል ገደማ ነው። ሐሳቡ የቀረበው በ2006 ሲሆን ግንባታው የተጀመረው በ2023 ነው።

ግን ጥፋቱን ሁሉ በግምገማው ላይ አንለጥፍ። ፌዴራል መንግሥት በ2015 ፈቅዶለት ነበር። በ2018 ደግሞ የኒው ሜክሲኮ ግዛት ተቆጣጣሪዎች ማመልከቻውን ውድቅ አደረጉት። መስመሩ በዋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ በኩል ማለፉም ከጦሩ ጋር ስላላስማማ መንገዱ ተቀየረ፤ መንገድ ሲቀየር ደግሞ ግምገማው እንደገና ይሠራል። ቶሆኖ ኦዳምና ሳን ካርሎስ አፓቼ የተባሉት ነባር ሕዝቦች በበኩላቸው በ2024 ከሰሱ። የሳን ፔድሮ ሸለቆ ቅርሳችን ነው፣ በወጉ አልተመካከራችሁንም አሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2025 ክሱ እንዲቀጥል ወሰነ። እነዚህን ሰዎች ገና ካርታው ሲሳል አስቀምጦ ማነጋገር ይቀል ነበር። ጊዜ የሚቆጥበው እሱ ነው።

ሕጉ አጥሯል ይባላል። ምኑ ነው ያጠረው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ግምገማውን የሚያዘው፣ ከ1970 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ በ2023 ተሻሽሏል። ዋናው ግምገማ በ2 ዓመት ማለቅ አለበት፤ ገጹም ከ150 አይበልጥም። በጣም ለተወሳሰበ ፕሮጀክት ብቻ 300 ተፈቅዷል። ቀድሞ በአማካይ 4 ዓመት ተኩል ይወስድ ነበር። የጊዜ ገደቡን እደግፋለሁ። የገጹ ገደብ ግን ብዙም አያስደስተኝም፤ አባሪው ስለማይቆጠር ወረቀቱ ወደዚያ ይሸጋገራል። ሥራውን የሚያፋጥነው ሰነዱን የሚሠራው ባለሙያ ነው፤ ባለሙያ ቀንሶ ቀነ ገደብ ማሳጠር ሰውን ማድከም ብቻ ነው።

ለግምገማ 14 ቀን ይበቃል?

አይበቃም። የፌዴራል መሬት የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2025 ለአነስተኛው ግምገማ 14፣ ለዋናው 28 ቀን አካባቢ መድቧል። ዩታ ያለ አንድ የዩራኒየም ማዕድን ማውጫ በ11 ቀን ተፈቀደ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአካባቢው ሰው ወሬውን እንኳ ሰምቶ አይጨርስም። ደግሞም አሠራሩ ለነዳጅ፣ ለከሰልና ለዩራኒየም ሲፈቀድ ነፋስና ፀሐይ አልተካተቱም። ፍጥነት ከተፈለገ ለሁሉም ነው መሆን ያለበት።

እኛ አገርስ? መብራት እየተፈለገ ይህ ሁሉ ጥናት ቅንጦት አይሆንም? (ከአዲስ አበባ)

መብራት ያስፈልገናል፤ በዚህ አልከራከርም። በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው የጊቤ 3 ግድብ ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ግን ግንባታው በ2006 ተጀምሮ የአካባቢ ጥናቱ የጸደቀው በ2008 ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ደግሞ ሳይፈቀድ ሥራ አይጀመርም ይላል። ታች ኦሞ ላይ ጎርፉ ሲሸሽ በረጠበው ዳርቻ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ አለ። ግድቡ ጎርፉን ሲይዘው ምን ይዘራል? ጥናቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል ብሎ መለሰ። መጠኑና ጊዜው ይበቃል ወይ የሚለውን ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የነበረበት ቁፋሮው ሳይጀመር ነበር።