«ኢልማቲክ»ን ከሰባተኛው ዘፈን ጀምር

ወንድሜ፣ «የራፐሩን የናስን አልበም ኢልማቲክን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ቢቱ (ከግጥሙ ሥር ያለው ሙዚቃ) አሮጌ ነው፣ አዝማቹ አይያዝም፣ ደግሞም አጭር ነው። ሰው የሚያወድሰው ምኑን ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም መጀመሪያ እንዳንተ ነበርኩ። ጓደኛዬ ከዚህ የሚበልጥ የለም ብሎ ሰጠኝ፤ ሰማሁት፣ ምንም አላለኝም። ናስ ሲናገር ይፈጥናል፣ የሰፈሩ አነጋገር ደግሞ ከተማርነው እንግሊዝኛ ጋር አይገናኝም። ዓመት ያህል ተውኩት።

የመለሰኝ ሰባተኛው ዘፈን «ዋን ላቭ» ነው። አንድ ማታ ግጥሙን በጽሑፍ ከፊቴ አድርጌ ሳዳምጥ ደብዳቤ መሆኑ ገባኝ። እስር ቤት ላለ ጓደኛው የሰፈሩን ወሬ ይጽፍለታል፤ ወንድ ልጅ ተወልዶልሃል፣ አንተን ይመስላል አሉ፣ እናቱ ግን ለምን አትጽፍልህም ይለዋል። መጨረሻ ላይ ደብዳቤው ያበቃና ናስ ዕፅ ከሚሸጥ የ12 ዓመት ልጅ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያወራል። ይመክረዋል። ምክሩ ግን «ተው» የሚል አይደለም፤ ሰው በተሰበሰበበት አትተኩስ፣ የማይመለከተው ይሞታል፣ የምትፈልገውን ለብቻው ጠብቀው የሚል ነው። ያን ስሰማ ደነገጥኩ። ለዚያ ልጅ ሊሰጠው የቻለው ምክር እስከዚህ ድረስ ብቻ መሆኑ አሁንም ያመኛል።

ናስ አልበሙ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ያደገው ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ ኩዊንስብሪጅ በሚባለው የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች ነው። የልጅነት ጓደኛው ኢል ዊል እዚያው በ1992 ተገድሏል። አልበሙን አንድ ልጅ በመስኮቱ ያየውን ሲናገር ብለህ ስማው፤ ያኔ ዘፈኖቹ አንዱ ካንዱ ይያያዙልሃል። አጭር ነው ላልከው በዚህ አልስማማም። መግቢያውን ጨምሮ 10 ትራክ፣ 40 ደቂቃ የማይሞላ ነው፤ ብዙ የሂፕሆፕ አልበም ግማሹ መሙያ ሆኖ ስላሰለቸኝ ይሄን አከብረዋለሁ።

ስለ ቢቱ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በዚያ ዘመን አንድ አልበም በአብዛኛው አንድ ፕሮዲውሰር (ቢቱን የሚያዘጋጅ ሰው) ወይም አንድ ቡድን ነበር የሚሠራው። እዚህ ግን ዲጄ ፕሪሚየር፣ ፒት ሮክ፣ ላርጅ ፕሮፌሰር፣ ኪው-ቲፕ እና ኤል.ኢ.ኤስ. ተሰባስበዋል። «ዘ ወርልድ ኢዝ ዩርስ» ላይ የምትሰማው ፒያኖ የጃዙ አህማድ ጀማል ነው፤ የመጨረሻው ዘፈን የማይክል ጃክሰንን «ሂውማን ኔቸር» ይዟል። አሮጌ ያልከው ድምፅ ከአሮጌ ሸክላ ተቆርጦ ስለመጣ ነው፤ ለኔ ሙቀቱም ከዚያ ነው።

ግጥሙን ግን ቀስ ብለህ ያዘው። እኛ ግጥም ቤት ሲመታ የምንጠብቀው በስንኙ መድረሻ ነው። እሱ ስንኙ መሀል ሁለት ሦስቴ ይመታና ሳይቆም ወደሚቀጥለው ይሻገራል። «ኒው ዮርክ ስቴት ኦፍ ማይንድ» ሲጀምር እንዴት እንደሚጀምር እንደማያውቅ ሲናገር ይሰማል፤ ከዚያ ይገባል፣ ትንፋሽም አይሰጥህም።

አዝማቹ ላይ እውነት አለህ። «ዋን ታይም ፎር ዩር ማይንድ»ን እኔም ብዙ ጊዜ እዘለዋለሁ። ቶሎ የተሸጠ አልበምም አይደለም፤ የወርቅ ደረጃ (500 ሺህ ቅጂ) ያገኘው በ1996 ነው።

እንግዲህ «ዋን ላቭ»ን ግጥሙን እያነበብክ ስማ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ «ኒው ዮርክ ስቴት ኦፍ ማይንድ»ን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ሦስተኛው ላይ ኤዜድ የሚባል ሌላ ራፐር ይጀምራል፣ ናስ 20 ስለሞላበት ቀን ይከተላል። ራፑ ሲያልቅ እንዳታጠፋው። መጨረሻ ላይ ኮርኔት የሚነፋው አባቱ ኦሉ ዳራ ነው። ይሄን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ቀድሜ ወደሚቀጥለው አልፌዋለሁ መሰለህ።