የፒፓ ወንፊት፦ ስለ ብረቱ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በብየዳና በብረታ ብረት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው በመሆኔ፣ በፒፓ ጉድጓድ ግርጌ ስለምትቀመጠው ትንሽ የሽቦ ወንፊት ደጋግሜ እጠየቃለሁ። ማጨስን የመምከር ሐሳብ የለኝም፤ መልሴ ስለ ብረቱና ስለ እሳቱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ወንፊቱ ጭሱን ያጣራልን?

መልስ፦ አያጣራም። የተለመደው ወንፊት ቀዳዳ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የትምባሆ ጭስ ብናኝ ግን አብዛኛው ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ ነው። ዱቄትን በአጥር ሽቦ እንደ መንፋት ይቁጠሩት። ወንፊቱ የሚጠቅመው አመድና የትምባሆ ፍርፋሪ ወደ አፍ እንዳይመጣ፣ የፒፓውም ቱቦ እንዳይደፈን ብቻ ነው። 

ጥያቄ፦ ከአይዝጌ ብረት፣ ከናስና ከመዳብ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ምርጫው የእኔ ቢሆን አይዝጌ ብረትን እወስዳለሁ። በተለምዶ 304 ተብሎ የሚጠራው ዓይነት 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል ያለው ሲሆን፣ ክሮሚየሙ በብረቱ ገጽ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚሠራ በፍም ሙቀት በቀላሉ አይበላም። የሚቀልጠውም ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። «በያጆች ከአይዝጌ ብረት የሚወጣውን ጭስ ይፈሩ የለም ወይ?» የሚል ጠያቂ ነበር፤ በእርግጥ ይፈራሉ፣ ነገር ግን በያጁ ብረቱን አቅልጦ ያተነዋል፤ የፒፓ ፍም ግን ወደዚያ ሙቀት አይደርስም።

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። ዚንክ ብቻውን ሲሆን በ419 ዲግሪ ቀልጦ በ907 ዲግሪ ይፈላል። በናስ ውስጥ ከመዳቡ ጋር ስለተዋሐደ እንደዚያ በቀላሉ አይተንም፤ ይሁን እንጂ የናስ ወንፊትን በጋዝ ችቦ እስኪቀላ የሚያሞቅ ሰው ዚንኩን ቀስ በቀስ እያስወጣ፣ ሽቦውንም እያሳሳው ይሄዳል። በክብሪት ለሚያቀጣጥል ሰው ናስ ብዙም አያሰጋም፤ በችቦ ለሚያቀጣጥል ግን አልመክረውም። መዳብ ሙቀቱን ይችላል፣ ነገር ግን ቶሎ ጠቁሮ ይላጣል፤ ቅርፊቱም ረግፎ ወደ ቱቦው ይገባል።

ጥያቄ፦ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የመስኮት ወንፊት ገዝቼ ቆርጬ ብጠቀም ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች አሳሳቢው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ ከሽቦው ይልቅ በላዩ ከተቀባው ነገር ይመጣል። የመስኮት ወንፊት ብዙ ጊዜ ዚንክ የተነከረ ብረት፣ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም፣ ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ የመስታወት ክር ነው። የመጨረሻው ሽፋን ፒቪሲ በመሆኑ ሲቃጠል ሳንባን የሚለበልብ አሲዳማ ጋዝ ያወጣል። በእጅዎ ያለው ምን እንደሆነ ለመለየት ማግኔት ያስጠጉ፦ ዚንክ የተነከረ ብረት አጥብቆ ይያዛል፣ ናስና አሉሚኒየም ፈጽሞ አይያዙም፣ የ304 ሽቦ ደግሞ ወይ አይያዝም ወይ በጥቂቱ ይሳባል። ማግኔት አጥብቆ የያዘውን ቁራጭ አቼቶ ውስጥ ጣል ያድርጉት፤ ዚንክ ካለበት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽቦው ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲነሣ ያያሉ። አረፋ ካዩ ለፒፓ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ ይህንኑ ሽቦ «ለማጽዳት» ጓዳ ውስጥ በችቦ አቃጥዬ ነጭ ጭስ ወጣ፤ ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ አፌም ብረት ብረት አለኝ። ወተት ጠጣሁ፤ ይበቃል?

መልስ፦ ምልክቶቹ በያጆች ቆርቆሮና ዚንክ የተነከረ ቧንቧ በበየዱ ማታ የሚይዛቸውን ትኩሳት ይመስላሉ። የዚንክ ኦክሳይድ ጭስ ወደ ሳንባ ሲገባ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ፣ ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ያመጣል፤ ብዙውን ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ወተቱን በተመለከተ፣ በየብየዳ ቤቱ እንደ መድኃኒት ሲነገርለት እሰማለሁ፤ ጭሱ የገባው ግን ሳንባ ውስጥ ነው፣ ወተት የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አንዳንድ አሮጌ ብሎኖችና የማሽን ዕቃዎች ካድሚየም በተባለ መርዛማ ብረት የተለበጡ ናቸው። ካድሚየም በ767 ዲግሪ ይፈላል፤ ጭሱም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የዚንክ ትኩሳትን ብቻ መስሎ ቆይቶ በኋላ ሳንባን በፈሳሽ በመሙላት ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎ ከጨነቀዎት ወይም ሳሉ ከበረታ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ምን ብረት እንዳቃጠሉም ይንገሩ። ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ አሮጌ ዕቃን ቆርጦ ወንፊት ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

ጥያቄ፦ አዲስ የተገዛ የአይዝጌ ብረት ወንፊትስ አስቀድሞ መቃጠል አለበት?

መልስ፦ ከፋብሪካ የቀረ ዘይት ሊኖርበት ስለሚችል በሙቅ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያም ደጅ ላይ በመቆንጠጫ ይዞ ለጥቂት ሰከንድ ማሞቅ ይበቃል። ወርቃማ ወይም ሰማያዊ ቀለም ቢያወጣ አይደንግጡ፤ የኦክሳይዱ ሽፋን ስለወፈረ ነው።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነው የምጽፈው። በሺሻ ላይ የሚደረገው የአሉሚኒየም ፎይል አይቀልጥም?

መልስ፦ አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው፤ በደንብ የተነፋ ከሰልም እዚያ ሊደርስ ስለሚችል ስስ ፎይል አንዳንድ ጊዜ ይበሳል። ከፎይሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከሰሉ ነው፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ራስ ምታትና ማዞር የሚያመጣው እርሱ ነው። ወፍራም ፎይል ወይም የብረት ክዳን መጠቀም ይህን አይለውጠውም።

ጥያቄ፦ ወንፊቱ መቼ ይቀየር?

መልስ፦ ጥቁር ዝፍት ስለያዘ ብቻ አይጣልም፤ በአልኮል ተዘፍዝፎና በሚገባ ደርቆ እንደገና ያገለግላል። ከእሳት አጠገብ ግን አልኮሉን አይክፈቱ። መጣያ የሚሆነው ሲሳሳ ነው፦ በመርፌ ጫፍ መሐሉን ጫን ሲያደርጉት ሽቦው ከታጠፈ ገና ጤነኛ ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ግን የቀጣዩ ስባሪ ወደ ጉሮሮዎ ሊሳብ ስለሚችል ያንኑ ቀን ይጣሉት።