ያለ ላብራቶሪ የዳርክ ማተርን ሐሳብ ስለ መፈተን

«ስለ ዳርክ ማተር አንድ ቀላል አዲስ ንድፈ ሐሳብ አለኝ፤ አዲስ አበባ ሆኜ፣ ያለ ላብራቶሪ፣ እንዴት ልፈትነው?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፦ ዳርክ ማተር የሚባለው፣ ጋላክሲዎች በሚታየው ቁስ ስበት ከሚጠበቀው በላይ ፈጥነው ስለሚሽከረከሩ አለ ተብሎ የሚታሰበው የማይታይ ቁስ ነው። እኔም አራት ኪሎ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሠራሁት በዚሁ ላይ ነው። የእርስዎም ሐሳብ እንደ እኔው የስበትን ሕግ የሚያሻሽል ይመስለኛል፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ሥራው እገባለሁ።

አንደኛ፣ ለዳታ ብለው የማንንም ደብዳቤ አይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ስፓርክ የተባለው ስብስብ የ175 ጋላክሲዎችን የሽክርክሪት ፍጥነት ይዟል፤ በነፃ ይወርዳል፣ ተራ ላፕቶፕም ይበቃዋል። ሥራዎ፣ ንድፈ ሐሳብዎ ከሚታየው ቁስ ብቻ ተነሥቶ የሚሰጠውን ፍጥነት ከተለካው ጋር ማነጻጸር ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር አገልግሎት እንዲፈቀድልኝ ባመለከትሁ ጊዜ ኃላፊው ማመልከቻዬን ሳያነቡ «የሰማዩን ትተህ የምድሩን ሥራ» ብለው ስለመለሱልኝ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሥራው ግን ፒያሳ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ መብራት ባለበት ሌሊት ሁሉ እየተሠራ ተጠናቀቀ፤ በዚህም እኮራለሁ።

ሁለተኛ፣ በስፓርክ ሠንጠረዥ ውስጥ ከዋክብቱ ለፍጥነቱ ያላቸው ድርሻ የተሰላው የመጠነ ቁስና የብርሃን ጥምርታ (ለሚታየው ብርሃን ምን ያህል ቁስ እንዳለ የሚገልጸው ቁጥር) 1 ነው ተብሎ ነው። በ3.6 ማይክሮሜትር ኢንፍራሬድ ለዲስኩ የተለመደው ግምት ግን 0.5 ገደማ በመሆኑ፣ በዚህ ቁጥር የሚባዛው የፍጥነቱ ካሬ እንጂ ፍጥነቱ ራሱ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ንድፈ ሐሳብዎ አዲስ ቋሚ ቁጥር ካለው፣ ያ ቁጥር ለ175ቱም አንድ ይሁን። ለእያንዳንዱ ጋላክሲ ሌላ ቁጥር ከመረጡ የማይገጥም ነገር ስለማይኖር ፈተናው ፈተና መሆኑ ይቀራል። የፊዚክስ ሊቁ ሚልግሮም፣ ያለ ዳርክ ማተር የስበትን ሕግ በማሻሻል፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው ሐሳብ እስከ ዛሬ የሚከበረው፣ 1.2 × 10⁻¹⁰ ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ በሆነ አንድ አክስለሬሽን ብቻ የብዙ ጋላክሲዎችን ፍጥነት አስቀድሞ ስለሚናገር ነው። እኔ ቁጥሬን ወስኜ የጀመርሁት ከዲዲኦ 154 ነው፤ በዚህች ትንሽ ጋላክሲ ጋዙ ከከዋክብቱ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ስለ ከዋክብት የምናስቀምጠው ግምት የሐሳባችንን ድክመት አይሸፍንልንም።

ጋላክሲዎቹ ቢገጥሙልዎትም ቡሌት ክላስተር የተባሉት፣ እርስ በርስ የተጋጩ ሁለት የጋላክሲ ክምችቶች፣ ይጠብቁዎታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናት፣ ከግጭቱ በኋላ አብዛኛው ተራ ቁስ በጋዙ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ በስበት ምክንያት የሚመጣው የብርሃን መታጠፍ የሚያሳየው መጠነ ቁስ ከጋዙ ተነጥሎ ተገኝቷል። ስበትን ብቻ ለሚያሻሽል ሐሳብ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ እኔም መመረቂያዬን ሳቀርብ ፈታኞቼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህንኑ ስለሆነ፣ መልስዎን ከጋላክሲዎቹ ውጤት ጋር አብረው ይጻፉት።