የለቅሶ ገንዘብ ለትምህርት ቤት ጣሪያ ይውጣ?

ጥያቄ፦ ቡሬ ከተማ ያለ የአንድ እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ግንቦት ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ትምህርት ቤት ጣሪያውን ንፋስ ገነጠለው። ኮሚቴው «60,000 ብር እንስጥ» አለ። ካዝናችን ውስጥ ያለው 310,000 ብር ገደማ ነው፤ አባል ሲሞት ለቤተሰቡ 12,000 እንከፍላለን። ግማሹ አባል «ልጆቹ የእኛም ናቸው» ይላል። ሌላው «ለለቅሶ ያዋጣነውን ማን ለቆርቆሮ አደረገው?» ብሎ ተቆጥቷል። የቀድሞው ዳኛችንማ ጥዬ እወጣለሁ እያሉ ነው። እኔን ደግሞ ፈርመህ አውጣ ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይፈርሙ። ቢያንስ ጠቅላላ ጉባኤው እስኪሰበሰብ ድረስ። ትምህርት ቤቱ ይረዳ ባይ ነኝ፤ ከዚያ ካዝና ግን አይሁን።

የተቆጡት ሰዎች እውነት አላቸው። አባሉ በየወሩ የሚያዋጣው እኔ ስሞት ድንኳን ይተከላል፣ ቤተሰቤ አያፍርም ብሎ ነው፤ ይህን ደግሞ አምስትና ስድስት የኮሚቴ ሰው ተሰብስቦ ሊቀይረው አይችልም። እድርና እቁብ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አይመለከታቸውም። ስለዚህ ዋናው መመሪያችሁ የራሳችሁ መተዳደሪያ ደንብ ነው። አውጥተው ያንብቡት። ስለ ውጭ እርዳታ አንድም መስመር ከሌለው፣ መጀመሪያ ጉባኤው ደንቡን ያሻሽል።

ሒሳቡንም እንየው። 60,000 ብር ማለት የ5 ሰው ለቅሶ ነው። መዝገቡን ገልጠው ለቅሶ የበዛበትን ዓመት ይፈልጉ። 14 አባል የሞተበት ዓመት ቢገኝ 168,000 ብር ወጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዓመት ሁለት ጊዜ ቢከተል 336,000 ይፈጃል፤ እናንተ ያላችሁ 310,000 ነው። ኮሚቴው ትርፍ ያለው ገንዘብ ትርፍ ላይሆን ይችላል።

በዚህ ነገር የላየንስ ክለቦችን አሠራር እወደዋለሁ። በ1917 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተጀመረ የበጎ አድራጎት ክለቦች ማኅበር ነው፤ ሁለት ሒሳብ ይይዛሉ። የአባላት መዋጮ ለክለቡ ለራሱ ሥራ ይውላል። ለእርዳታ ብለው ከሕዝብ የሰበሰቡት ለብቻው ይቀመጣል፣ ለክለቡ ወጪ አይነካም። በነገራችን ላይ ገንዘባቸው እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ከካርተር ማዕከል ጋር ሆነው በአማራ ክልል የትራኮማን መከላከል ለዓመታት ደግፈዋል። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዐይኗን ሲፈትጋት የኖረች እናት ቆቡ በቀዶ ሕክምና ሲስተካከልላት፣ ያገዛት አይቷት የማያውቅ የሩቅ አገር ሰው ሊሆን ይችላል።

እናንተም ሁለተኛ ሒሳብ ክፈቱ። በፈቃድ ብቻ የሚዋጣ፣ የራሱ ደረሰኝና መዝገብ ያለው ይሁን። ያልሰጠ ሰው ስሙ አይጠራ፣ ቅጣትም አይኑር፤ ጥሩንባ ተነፍቶ የሚሰበሰብ ምጽዋት ለእኔ ምጽዋት አይመስለኝም።

ደግሞ ሁሉም ነገር ብር መሆን የለበትም። ቡሬ ላይ ተቀምጦ ባሕር ዛፍ በገንዘብ የሚገዛ ኮሚቴ ካለ ይገርመኛል! ዛፍ ያለው አባል ዛፉን ይስጥ፣ አናጢው እጁን፣ የቀረው በደቦ ይውጣ። ሁለት ድንኳን ካላችሁ አንዱን ከነአግዳሚው ለጊዜው ለክፍል አውሷቸው። በገንዘቡ ቆርቆሮና ሚስማር ብቻ ግዙ፤ ጥሬ ብር ለማንም አትስጡ፤ ዕቃውን የትምህርት ቤቱ የወላጅና መምህራን ኅብረት ቆጥሮና ፈርሞ ይረከብ። ከዚያ በፊት ግን ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጎራ ብለው ለዚያው ጣሪያ በጀት ተይዞ እንደሆነ ይጠይቁ፣ አንድ ጣሪያ ሁለቴ እንዳይገዛ።

«እድር ከቀብር ውጭ ሥራ የለውም» ለሚሉት ደግሞ፣ ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን ብዙ እድሮች ገና ያልሞተውን በሽተኛ ሲያስታምሙ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ሲደግፉ እንደነበር ያስታውሷቸው።

የቀድሞው ዳኛስ? ሽማግሌ አይላኩባቸው። ለገንዘብ እንዲህ የሚሳሱ ሰው ከተገኙ የአዲሱ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ያድርጓቸው፤ ያለ እሳቸው ፊርማ ሳንቲም አይውጣ። እርስዎም ትንሽ ይተነፍሳሉ።